ከሰማይ የመጣው የገዴራ ዛር

ገና ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። በራሪ ሳሕን አየሁ በሚል ሰው አልናደድም። ሰማዩ የማንም አይደለም፤ አየሁ የሚል አየሁ ይበል፤ ጎረቤቱም ወይ ይሳቅበት ወይ ይመነው። እኔን የሚያናድዱኝ የአባቴን ሰማይ ወስደው ጠንቋይ ቤት ያደረጉት ሰዎች ናቸው። ነገሩ ከሆነ ስድስት ሰባት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ከኪርያት ማላኪ ወደ ሰሜን ስነዳ የገዴራ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

አባቴ ቄስ ነው፤ የቤተ እስራኤል ቄስ። ጎንደር ሳለን ሦስት መንደር ያጋባ፣ ያስታርቅ፣ ይቀብር ነበር። እዚህ እስራኤል ስንመጣ ማጋባቱም ማፋታቱም የሌሎች ሥራ ሆነ። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ጉዳይ ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ጎልማሳ ከአባቴ ጥምጥም እስከ ጫማው በዓይኑ ወረደና፣ በስሙ ብቻ ጠርቶ፣ “አንተ እዚህ ራቢ አይደለህም፤ ውጭ ጠብቅ” አለው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። “ትንሽ ይጠብቁን ነው የሚለው” አልኩት። አመሉ ያኔ ጀመረኝ። ከዚያ ወዲህ ለአባቴ በዕብራይስጥ የሚነገረውን ሁሉ ልጣጩን ሳልልጥ አቅርቤለት አላውቅም፤ የሐኪሙንም፣ የጸሐፊዋንም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩንም። ሳደርገው ደግሞ ጥሩ ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከቄስነቱ ማንም እጁን ያላስገባበት አንድ ሥራ ቀርቶለት ነበር፤ ጨረቃ ማየት። በእኛ ወግ ወር የሚገባው አዲሷ ጨረቃ ስትታይ ነው። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ቄሱ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ቀጭኗን ጨረቃ ካየ የወር መባቻ ነው፤ ካላየ ያለፈው ወር ሠላሳ ይሞላል። አገሩ ሁሉ ወሩን ከታተመ ወረቀት ያነባል፤ የአባቴን ምስክርነት የሚጠብቁት ስምንት ቤት የሚሆኑ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። እሱ ግን መላው እስራኤል ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስል ኩታውን አጣፍቶ፣ ጥምጥሙን አስተካክሎ ነው የሚወጣው።

የምነዳው እኔ ነኝ። ቤኤር ቱቪያ ኢንዱስትሪ ሰፈር ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ከጠዋት ፈረቃ ወጥቼ፣ ልብስ ቀይሬ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ከፍ ያለ መስክ አደርሰዋለሁ። እሱ ቆሞ ያያል፤ እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ ስልኬን አያለሁ። ሲጨርስ “ታየች” ወይም “አልታየችም” ይለኛል። ከዚያ የተማሪ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። አልታየችም ብሎ ብቻ አይተወውም፤ ደመና፣ አቧራ፣ የሚቃጠል ሣር ጭስ እያለ ምክንያቱን ያስቀምጣል። ከመጣን ጀምሮ እንዲህ ሲጽፍ ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሶ ነበር።

ከመስከረም በዓላት በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ መስኩ ላይ ሰዎች ቀድመውን ደረሱ። ስድሳውን ያለፈ፣ ሽበቱን ከኋላ በላስቲክ ያሰረ ሰው ቴሌስኮፕ ተክሏል፤ ሁለት ሴቶች ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው አባቴን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከገዴራ የመጣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ መሆኑን ነገረኝና ሽማግሌው ምን እንደሚያዩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ሦስት ነገር አስጠየቀኝ፤ የት ቦታ ማየት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? ደመና ሲሆንስ? ማን አስተማራቸው?

ዕድሜዬን በሙሉ ለአባቴ እየተረጎምኩ ኖሬ፣ በዚህ አገር እሱን “በምን ታውቃለህ?” ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ይኸው ነበር። አባቴ መለሰ። መምህሩ ገና ጎረምሳ ሳለ ኮረብታ ላይ አውጥቶ እንዴት እንዳስተማረው ተናገረ። ዓይንህን አታፍጥባት፣ ትሸሽሃለች፤ ከጎኗ ተመልከት፣ እሷው ራሷ ትገባልሃለች ብሎት ነበር። እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ይህን ሰምቼ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። መሐንዲሱ በትንሽ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ መጣ። ደጃፋችን ላይ ስንደርስ “ሰው አገኘሁ” አለ። ይህን ያለበትን ድምፅ እንዳልነጥቀው ስል ነው ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት።

መሐንዲሱ የጋበዘን፣ ገዴራ ያለው ቤቱ አሮጌና ሰፊ ነው፤ ግቢው ውስጥ የፔካን ዛፍ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች ይሰበሰቡበታል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፒራሚድ፣ በክብ የተደረደሩ የዕብራይስጥ ፊደላት፣ የመላእክት ስም ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ የብር ሳሕን የመሰለ በራሪ ነገር ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አባቴ እንደ ወጉ ሰው አይነካም፣ የሰው ቤት ምግብም አይበላም። መሐንዲሱ ይህን ቀድሞ ለሁሉም ነግሮ ስለነበር ማንም እጁን አልዘረጋለትም፤ ውኃ እንኳ በራሱ ጠርሙስ ነው የጠጣው። መከበሩ ነው ብዬ ልቤ ሞላ። ለካስ እነሱ የሚንከባከቡት እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው።

አባቴ ከደብተሩ ያነባል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ አንዲት ሴት ኮምፒዩተር ላይ ትጽፋለች። ገጾቹንም በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። አባቴ ግቢ ወጥቶ ጸሎቱን ሲያደርስ መሐንዲሱ ወጥ ቤት ውስጥ ነገሩን ገለጠልኝ። በየዘመኑና በየአገሩ ምስጢር አዋቂ የሚባሉት ሁሉ ያዩት አንድ ነገር ነው አለኝ። መላእክት ከሌላ ዓለም የሚመጡ እንግዶች ናቸው፤ የእሳት ሠረገላ የተባለው ማሽን ነው፤ በክታብ የሚጻፈው ስም ጥሪ ነው፤ ስማቸውን በትክክል የጠራ ይመጡለታል። ይህን የሚያውቁ ካህናት ዕውቀቱን በሥርዓት ውስጥ ደብቀው አስቀመጡት። የእናንተ ሰዎች ከዓለም ተለይተው ስለኖሩ ጥበቃው ሳይበላሽ ቀረ፤ አባትሽ ምን እንደሚጠብቁ ራሳቸው ላያውቁት ይችላሉ። ጨረቃዋ ሽፋን ናት፤ አለኝ በተረጋጋ ድምፅ፣ ሻዩን እያማሰለ።

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። ከአፌ የወጣው ግን “ቤሰደር”፣ እሺ የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ይህች ቤሰደር እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራለች።

ምክንያቱም ነገሩን አውቀው ነበር። ጎንደር ውስጥ ክታብ የሚጽፍ ሰው የመላእክቱንም የአጋንንቱንም ስም በብራና ላይ ደርድሮ፣ ጠቅልሎ፣ በቆዳ ሰፍቶ ለሕፃን አንገት ይሸጣል። አባቴ ያንን ክታብ በቢላ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ሲጥል አይቻለሁ፤ እናቶች እያለቀሱ። የገዴራ ሰዎች የጨመሩበት ነገር ቢኖር ክታቡን ከአንገት አውርደው ኮምፒዩተር ውስጥ መክተታቸው ነው። የጋኔኑን ክንፍ ነቀሉና የብረት ሳሕን ላይ አስቀመጡት። ከዚያም አስማት ሲሉት እንዳያፍሩ ምርምር አሉት። ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ቁጥር፣ ያ ሁሉ የተመረጠ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ማለት፣ አሮጌው ገበያ ነው። ደግሞ እዚያ መስክ ላይ ሆነው በራሪ ሳሕን ነው እያሉ የሚያዩት ብርሃን ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። የአየር ኃይል ሰፈሩ ቅርብ ነው፤ የገዛ ልጄ እዚያ ወታደር ነበረች።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ልነግረው እችል ነበር። ዕለቱን ቢሰማ ዳግመኛ ገዴራን አይረግጥም። ዳግመኛም “በምን ታውቃለህ?” የሚለው ሰው አያገኝም። እሱ የወር አቆጣጠር የሚማሩ ሰዎች መስለውት፣ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ምን እንደሚያስተምራቸው እያሰላሰለ ይሰነብታል። ፊቱ ወዛም ሆነ፤ ከምግቡም ጨመረ። ምን ቸገረኝ፣ እነሱ የፈለጉትን ይመኑ፣ እሱ ደስ ይበለው አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

በሦስተኛው ማክሰኞ አንዲት ረጋ ያለች የትምህርት ቤት መምህርት መሃል ላይ ተቀመጠች። ሐምራዊ ሻማ አበሩ፤ መጋረጃ ጋረዱ፤ ዙሪያዋን ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከሰማይ ከመጡት ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት አሉኝ። መጀመሪያ ደጋግማ አዛጋች። ከዚያ ትንፋሿ ፈጠነ፤ አንገቷን ማዞር ጀመረች፤ ድምፅዋ ወፈረና አዛዥ ነኝ፣ ከእገሌ ኮከብ ነው የመጣሁት፣ አለች።

ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ዛር ነው። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ሴት ነበረባት፤ ማዛጋቱም፣ አንገት ማዞሩም፣ ድምፁ ወፍሮ ስሙንና አገሩን መናገሩም አንድ ነው። የዛሩ ፈረስ ናት ይሏታል፤ እሱ ይጋልባታል፣ እሷ ትወራጫለች። የእኛው ዛር ገብስማ ዶሮና ሽቶ ይጠይቅ ነበር፤ የገዴራው ሻማና ጸጥታ ይጠይቃል። ለእኛው የጠፋች በቅሎ የት እንዳለች ነበር የሚቀርብለት፤ አንዳንዴም በቅሎዋ ትገኝ ነበር። እነዚህ ግን የዓለም መጨረሻ ምን እንደሚሆን ጠየቁት፤ እሱም ፍቅር ያስፈልጋል ብሎ መለሰ። ለዚህ ከሌላ ኮከብ መምጣት ምን ያደርጋል?

ዞር ስል፣ ጸሎቱን ሊያደርስ ግቢ ወጥቶ የነበረው አባቴ ተመልሶ በመስተዋቱ በር ላይ ቆሟል። ሴትዮዋን እያየ ነው። ወጣሁና ጠጋ አልኩት።

“ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?” አለኝ።

“ታማለች አባ። የሚጥል በሽታ አለባት።”

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየኝ። “በሽታ ነው?”

“በሽታ ነው።”

“እግዜር ይማራት” አለና የፔካኑ ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ዛር በቆመበት ቤት አባቴ አንዲት ደቂቃ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሃያ ዘጠነኛ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ነፍሶ አቧራውን ጠርጎታል። እኔ እንኳ ስልኬን ትቼ ቀና ስል በምዕራብ ከአሽዶድ ከተማ በላይ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ያየሁ መሰለኝ። አባቴ ግን ቆሞ፣ ቆሞ፣ “አልታየችም” አለ። እኔ ምስክር አይደለሁምና ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ሆነ፤ ጠራ ያለ ሰማይ፣ አልታየችም። ስምንቱም ቤት ስልክ ደውዬ ወሩ ሠላሳ ይሞላል አልኩ። ዓይኑ ደከመ ብዬ ልቤ ተሰበረ። ኩፓት ሆሊም፣ ጤና መድኅኑ ጋ፣ ደውዬ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩለት፤ የሦስት ወር ወረፋ ነበረው። ቀጠሮውን ስነግረው “ይሁን” ብቻ አለኝ።

መሐንዲሱ በዚህ መሃል ደወለ። ያቭነ ከተማ ውስጥ ዓርብ ጠዋት አዳራሽ እንደተከራዩ፣ አባቴ በብዙ ሰው ፊት እንዲናገር እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አባቴ ሲሰማ ተነስቶ ጥምጥሙን አጥቦ አሰጣ። ማታ ማታ የሚናገረውን ለብቻው ሲለማመድ እሰማው ነበር፤ ከመምህሩ ይጀምራል፣ ከዚያ ሃያ ዘጠኙና ሠላሳው፣ ከዚያ ደመናው።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ከሠራዊቱ ለሰንበት ዕረፍት መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኳን ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

“እማ፣ ይሄ ሳባ አይደለም?”

ሳባ የምትለው አያቷን ነው። የስብሰባው ማስታወቂያ ነበር። አባቴ በነጭ ጥምጥሙ መስኩ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል፤ ጨረቃዋ በነበረችበት ቦታ ላይ የብር ሳሕን አስገብተዋል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል “የመጨረሻው ጠባቂ፤ ከሰማይ የሚመጡትን የሚጠባበቀው ጥቁር ካህን ምስጢር” ይላል። ጨረቃዋን አጥፍተዋታል። ደግሞ ጥቁር ማለቱ ለምን አስፈለገ? መሐንዲሱን ነጩ መሐንዲስ ብሎ የጻፈ አለ?

“ዜ ሎ ቤሰደር እማ” አለች ልጄ፤ አይሆንም ማለቷ ነው። “ለሳባ ነግረሽዋል?”

“እነግረዋለሁ።”

“መቼ?”

ሳልመልስላት ስልክ ጮኸ። ከስምንቱ ቤት አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ቄሱ ከጠንቋይ ጋር ገጠሙ ይባላል፤ እውነት ነው?” አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ማስታወቂያውን አሳይቷቸው ኖሯል። ቅጥፈት ነው ብዬ ዘጋሁ። ወደ ሳሎን ገባሁ፤ አባቴ የታጠበውን ጥምጥም ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእጁ እያለሳለሰ ነው። አፌን ከፈትኩ። “ነገ ስንት ሰዓት እንነሳ?” ብሎ ቀደመኝ። በአንድ ሰዓት አልኩት። በራሴ ዘንድ፣ የሚናገረው በእኔ አፍ ነው፣ የሚሰማውም በእኔ አፍ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ከቆምኩ ክፉው አያልፍም ብዬ ተማመንኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከአባቴ በስተቀኝ፣ እኔ በስተግራ ተቀመጥን። አባቴ ተነስቶ በግእዝ ባረካቸውና ስለ መምህሩ፣ ስለ ሃያ ዘጠኙና ስለ ሠላሳው አስተማራቸው። አንድም ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩ። አሥር ደቂቃ ያህል በትሕትና ሰሙት፤ አንዳንዱ ያዛጋል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያያል። ከዚያ መሐንዲሱ አመስግኖ አስቀመጠውና መብራቱን ቀነሰ።

በግድግዳው ላይ የአባቴ ደብተር አንድ ገጽ በሰው ቁመት ሆኖ ታየ። ከጥቂት ዓመት በፊት ጦርነት በነበረበት በጋ የተጻፈ ነው። ከጎኑ የእኔ ትርጉም ተቀምጧል፤ “በደቡብ በኩል ሁለት እሳት ወጣ። አንዱ አየር ላይ ቆመ፣ ደመቀ፣ ከዚያ ጠፋ።” እዚያ ላይ ተቆርጧል። የተከተለውን አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ የተረጎምኩት። “ሮኬት ነው። አዛካ ጮኸ፤ ልጆቹ ወደ ሚክላት ሮጡ፤ እኔ ጨረቃዋን ሳላይ ወረድሁ” ይላል። አዛካ የአደጋ ጩኸቱ፣ ሚክላት መጠለያው መሆኑን ያቭነ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ስለዚህ ቆረጡት። መሐንዲሱም አየር ላይ የሚቆም ምን እሳት አለ እንደማለት እጁን ዘረጋ። ሕዝቡ በመገረም ተነፈሰ።

አባቴ ግን ደስ ብሎታል። “የእኔ ጽሕፈት እኮ ነው” አለ በሹክሹክታ። “ምን እያሉ ነው?”

ልጣጩ የተላጠለት መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጽሕፈትህን እያደነቁ ነው ልለው። ልጄ ከወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ፣ “እማ፣ ወይ አንቺ ንገሪው ወይ እኔ” አለችኝ።

ነገርኩት። ጆሮው ላይ ተጠግቼ፣ ሳልልጥ፣ ሳላቆራርጥ፣ ሁሉንም። መላእክቱን፣ ማሽኑን፣ ጨረቃዋ ሽፋን ናት ያሉትን፣ ማስታወቂያውን፣ የተቆረጠውን መስመር። ሴትዮዋን ግን አላነሳሁም። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝና በዝግታ ተነሳ።

“በያቸው” አለኝ። “ያ ሮኬት ነበር። እናንተም ያን ቀን ሚክላት ውስጥ ነበራችሁ። እኔ ከጨረቃ በቀር የጠበቅሁት ነገር የለም።”

ቃል በቃል ተረጎምኩ። መሐንዲሱ በርኅራኄ ፈገግ አለ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ምስጢር ሊጠብቅ የማለ ሰው ምስጢሩን አደባባይ አያወጣም፤ ሲክዱ በዓይናችሁ አያችሁ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ አላቸው። አጨበጨቡ። የካደውን ሰው ቆመው አጨበጨቡለት።

“ለምን ያጨበጭባሉ?” አለ አባቴ። ነገርኩት።

“ይህን አውቀዋለሁ” አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ወዝ ጠፋ። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የጎረቤት ሰው በታመመ ቁጥር ቡዳ በላው ይባልና በሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚባሉት እኛ ነን። አያቴ ቡዳ አይደለሁም ብሎ በማለ ቁጥር፣ ታዲያ ቡዳ የሆነ ሰው ነኝ ይላል ወይ፣ እያሉ ይመልሱለት ነበር። አባቴ ይህን በአጭሩ ነገረኝና “ተርጉሚላቸው” አላለኝም።

እኔ ግን ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እዚያ ጠልተው ነው፣ እዚህ ወድደው፤ እዚያ በዱላ፣ እዚህ በጭብጨባ። ግን ነገሩ አንድ ነው። ሰው ከመሆን አውጥተው የስውር ኃይል ማደሪያ ያደርጉሃል፤ አይደለሁም ስትል እሱንም ምስክር አድርገው ይቆጥሩብሃል። አንድ አዛውንት ሰው ዕድሜውን ሙሉ በታማኝነት የሠራው ሥራ፣ ሥራ ብቻ ሆኖ ለምን አይበቃቸውም? ጨረቃ ማየት ምን ጎደለው?

ለዕለቱ ተውሰውን የነበረውን ደብተር መልስልን አልኩት። መሐንዲሱ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ለአባቴ መለሰለት፤ ኮፒው አለን ብሎ አጽናናኝ። በር ላይ አንዲት ሴት ለበረከት የአባቴን ኩታ ልትነካ እጇን ሰደደች። “አትንኪኝ” አላት በአማርኛ። ምርቃት መስሏት ዓይኗን ጨፍና አሜን አለች።

መኪናው ውስጥ ልጄ ከኋላ፣ አባቴ ደብተሩን ታቅፎ ከጎኔ ተቀመጡ። ከያቭነ ስወጣ ጀምሬ ስራገም መጣሁ። ጠንቋዮች አልኳቸው፣ ሌቦች አልኳቸው፤ ከሥራ ባልደረቦቼ የተማርኩትን የዕብራይስጥ ስድብ ሁሉ አወረድኩባቸው። አባቴ አላቋረጠኝም። ገዴራን ስናልፍ ስድቡ አለቀብኝ።

“ያቺ ሴት” አለ ያኔ። “በሽታ ነው ያልሽኝ።”

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

“ዛር መሆኑን ገና ስታዛጋ አውቄ ነበር” አለ። “ስንቱን አስወጥቻለሁ፤ እንዴት ይጠፋኛል? አንቺ ግን በሽታ ነው አልሽኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ልጄ አትዋሸኝም፤ እንግዲያው ዓይኔ ነው የዋሸኝ አልሁ።”

“አባ…”

“ጨርሼ ልናገር። ባለፉት ሁለት ወራት ጨረቃዋን አየኋት። ጥርት ብላ ነበር። ዛርን ከበሽታ መለየት ባልቻለ ዓይን እንዴት ብዬ በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ ብዬ፣ አልታየችም ብዬ ጻፍሁ። እያየኋት ጻፍሁ።”

ይቅርታ አልወጣልኝም። ከኋላ ልጄ ስታለቅስ ይሰማኛል። ብዙ ከነዳሁ በኋላ፣ “አሁንስ?” አልኩት።

“አሁንማ ዓይኔ ደኅና መሆኑን አወቅሁ” አለ ወደ መንገዱ እያየ። “ያላወቅሁት አንቺን ከእንግዲህ እንዴት እንደማምን ነው።”